ነፋስ መስሎኝ የቆረጥኩት ድምፅ

ሥራ የጀመርኩ ቀን የተቀጠርኩት ለመጥረግ ነበር። ጋሽ በለጠ የሚባሉ ሰው መሐል ሜዳ ገበያው አጠገብ ሁለት ክፍል ቤት ነበራቸው። ከፊት ካሴትና የስልክ ዕቃ ይሸጣሉ፤ ከጓሮ ድምፅ ይቀዳሉ። እኔ ትምህርቴን አራተኛ ክፍል ላይ ያቋረጥኩ ነኝ። ጡት ያልጣለችውን ልጄን መቅደስን አዝዬ ገባሁና መጥረጊያ ተሰጠኝ። መጀመሪያ ያሳዩኝ ሶኬቱን ነው። «እዚህ ጋ ውሃ እንዳይደርስ» አሉኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቤቱን ስዘጋ ሶኬቶቹን ሦስት ጊዜ አያለሁ። መቅደስ አሁን ዘጠነኛ ክፍል ናት፤ እኔ ግን እስከ ዛሬ ሦስት ጊዜ ነው የማየው።

ያን ቀን ጋሽ በለጠና አንድ ማሲንቆ ተጫዋች የቀዱትን እየሰሙ ነበር። ሁለቱም ወደውታል። እኔ ወለሉን እየወለወልኩ፣ «በጓ ግን ምን ሆና ነው የምትጮኸው?» ብዬ ጠየቅሁ። የምን በግ አሉኝ። ጋሽ በለጠ ወደ ኋላ መልሰው ማዳመጫውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ሰሙ። ሦስተኛው ስንኝ ላይ፣ ከማሲንቆው ጀርባ፣ ከገበያው አንዲት በግ ሁለት ጊዜ ትጮኻለች። ማሲንቆ ተጫዋቹ ሳቀና፣ የምዘፍነው ለመንዝ ሰው ስለሆነ በጓን ተዉልኝ አለ። ጋሽ በለጠ አልሳቁም። ማዳመጫውን አውልቀው አዩኝና፣ «ከነገ ጀምሮ ጥርጊያውን ስትጨርሺ እዚህ ወንበር ላይ ትቀመጫለሽ» አሉኝ።

በኛ ቤት ማዕረጉ ሦስት ነበር፤ አድማጭ፣ ቀጂ፣ የተቀዳውን አመጣጥኖ ሚክስ የሚያደርግ። እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ አድማጭ ነበርኩ። ጋሽ በለጠ አንድ ዘፈን ይከፍቱና «ምን በዛ? ምን ጎደለ?» ይላሉ። ስመልስ ትክክል ነሽ ወይም ተሳስተሻል አይሉም። ያልኩትን ይቀንሱና መልሰው ያሰሙኛል፤ የራሴን ስሕተት በራሴ ጆሮ እሰማዋለሁ።

መጀመሪያ ያስተማሩኝ ክፍሉ ራሱ ድምፅ እንዳለው ነው። ባዶ ክፍል ገብታችሁ አንድ ጊዜ አጨብጭቡ። ጭብጨባው ከግድግዳ ግድግዳ እየተላተመ ከተመለሰ፣ ዘፋኙ ሲዘፍንም እንደዚያው ይመለሳል። ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ ሰው የእንቁላል ካርቶን ለጥፉ ብሎን ለጠፍን፤ ምንም አልረዳም። በኋላ ጋሽ በለጠ ከበግ ፀጉር የሚሠራውን ወፍራሙን ባና ስድስት ገዝተው ከግድግዳው አንድ ስንዝር ራቅ አድርገን ሰቀልነው። ጭብጨባው ሞተ። ክረምት ላይ ባናው እርጥበት ሲጠጣ ስቱዲዮው በረት በረት ይላል። አንድ የከተማ ዘፋኝ ገብቶ አፍንጫውን ይዞ፣ «እዚህ የሚቀዳው ሰው ነው ወይስ ሙክት?» ብሎን ያውቃል።

ሁለተኛው ትምህርት የመጠን ነው። ማይክ ሲከፈት የድምፁን መጠን የሚያሳየው መብራት ከአረንጓዴ ወደ ቢጫ፣ ከቢጫ ወደ ቀይ ይሄዳል። ቀዩን የነካ ድምፅ ተቀድቶ ካለቀ በኋላ አይድንም። ዘፋኙ ሲለማመድ ዝግ ብሎ ነው፤ ሲቀዳ ግን ይሞቀዋል። ስለዚህ በልምምዱ ሳይሆን ቢጮህ ሊደርስበት በሚችለው ነው የሚለካው። ወተት ስታፈሉ ለአረፋው ቦታ ትተዋላችሁ አይደል፣ እንደዚያ ነው።

ሦስተኛው የሚከብደው ነው። ማሲንቆው ካልተሰማ ማሲንቆውን አትጨምሩ። የሸፈነውን ፈልጋችሁ ቀንሱ። አብዛኛውን ጊዜ የሚሸፍነው ኪቦርዱ ነው። ዘፋኙም ተነሥቶ የኔን ድምፅ ጨምሪልኝ ይላል፤ እሺ ብዬ ኪቦርዱን ዝቅ አደርጋለሁ፤ እንዲህ ነው እንጂ ብሎ ይቀመጣል። አንድ የሠርግ ዘፋኝ ነበር፤ ድምፁን የሚያስተጋባውን ኢኮ አይጠግብም። እየጨመርኩ እየጨመርኩ ስሄድ የሚዘፍነው ቃል እርስ በርሱ ተደበላለቀ። ጋሽ በለጠ መጥተው ሰሙና፣ «አንተ ሰው፣ ሙሽሮቹ ጓዳ ሆነው ገደል ውስጥ ገብተህ ነው የምትዘፍንላቸው?» አሉት። ኢኮውን በግማሽ ቀነስነው።

ሚክስ የሚያደርግ ማዕረግ ላይ ስደርስ ራሴን ማመን አቃተኝ። ማንኛውንም ነገር ከመንካቴ በፊት የነበረበትን ቁጥር በደብተር እጽፋለሁ። ሲደክመኝ የወሰንኩትን አላምንም፤ በማግሥቱ ጠዋት በትንሽ ድምፅ ከፍቼ እንደገና እሰማለሁ። በትንሽ ድምፅ የማይሰማ ነገር በትልቁም አልተስተካከለም። ከዚያ በስልክ፣ ከዚያ ወደ ደብረ ብርሃን ሊሄድ የሚሞላ ሚኒባስ ውስጥ አሰማለሁ፤ የኛ ደንበኛ ዘፈን የሚሰማው እዚያ ነውና። ሹፌሮቹ ስመጣ፣ «ፈታኟ መጣች፣ ራዲዮኑን ዝጉ» ይላሉ። ጋሽ በለጠ ግን በመዘግየቴ ይበሳጫሉ። «ፈሪ ለእናቱ ይባላል። አንቺ ደግሞ ፈሪውንም እናቱንም ሆንሽ» ይሉኛል።

የሥራው የመጨረሻ ደረጃ ማስተሪንግ ነው። ሁሉ ነገር ተቀናብሮ ካለቀ በኋላ ጠቅላላው ድምፅ ለሕዝብ እንዲወጣ የሚስተካከልበት ነው። እዚህ ላይ ሰው ሁሉ የሚፈልገው ከሌላው በልጦ መጮህ ነው። ሲጮህ ጆሮ መጀመሪያ ይወደዋል፤ በሦስተኛው ዘፈን ይሰለቸዋል። ስለዚህ ሁለት ሥራ ሳወዳድር ድምፃቸውን እኩል አድርጌ ነው። እኩል ሲሆኑ የተጨፈለቀው ወዲያው ይታወቃል፤ ከበሮው ልብስ ላይ የተመታ ይመስላል።

ይህን ሁሉ ካወቅሁ በኋላ ነው የምነግራችሁን ስሕተት የሠራሁት።

ካቻምና በዐቢይ ጾም ነው። በጾም ዘፈን ስለማይቀዳ ስቱዲዮው ቀዝቅዞ ነበር። ዲያቆን ፈቃዱ የሚባል ሠላሳ ዓመት የሚሆነው ሰው ከራቤል በኩል መጣ። ከጓሳ ማዶ የዜማ ቤት ያላቸው የየኔታ ጥበቡ ትልቁ ተማሪ ነው። የኔታ ጉሮሯቸው ውስጥ እብጠት ተገኝቶባቸው ከፋሲካ በኋላ አዲስ አበባ ሆስፒታል ሊቀደዱ ነው አለን። ሐኪሙ ሕይወታቸው ይተርፋል፣ ድምፃቸው ግን ለመመለሱ ዋስትና የለኝም ብሏቸዋል። አርባ የሚሆኑ ተማሪዎች አሏቸው። የዋና ዋናዎቹን በዓላት ዜማ በየኔታ ድምፅ እንድንቀዳላቸው ነው የመጣው። ጋሽ በለጠ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው እኔ ሄድኩ።

የቀዳነው በየኔታ ጎጆ ውስጥ አራት ቀን ነው። የጓሳ ነፋስ ጠዋት ጠዋት ያርፋል፤ ከስድስት ሰዓት በኋላ ይነሣል። ስለዚህ በጠዋት እንቀዳለን። በሦስተኛው ቀን ግን የየኔታ ጉሮሮ ደርቆ እንቢ አለ። ውሃ ይቅመሱ ብላቸው፣ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ አልቀምስም አሉ። ጾማቸው ነው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ውሃ ጠጡ፤ ድምፃቸውም ተከፈተ። ነፋሱ ግን ያን ጊዜ ጎጆውን ያናውጠዋል፤ በማዳመጫው የምሰማው ጉምጉምታ ብቻ ነበር። ማይኩ ጎን ላይ ትንሽ ማብሪያ አለች። ስትገፋ ወፍራሙን ድምፅ ከመግቢያው ታስቀራለች። ገፋኋት፤ ጉምጉምታው ጠፋ። ሁለት ዜማ በዚያ ሁኔታ ቀዳን።

መሐል ሜዳ ተመልሼ የተቀሩትንም በለመድኩት መንገድ አጸዳኋቸው። ወፍራሙን ድምፅ በኮምፒውተሩ ቆረጥኩ፤ ነፋስ ያለው እዚያ ነውና። ኮምፕሬሰርም አደረግሁበት። እሱ ጮክ ያለውን ወደ ታች እየተጫነ፣ ዝግ ያለውን ወደ ላይ እያቀረበ ሁሉን እኩል የሚያደርግ ነው። ትንሽ ኢኮ ጨመርኩ፤ ቤተ መቅደስ ውስጥ የሚዜም መሰለ። በሚኒባስ ሰማሁት፤ ሹፌሩ ባርኔጣውን አወለቀ። ዲያቆን ፈቃዱ ፍላሹን እየሳመ ተቀበለኝ።

በሳምንቱ ተመለሰ። ፊቱን ሳየው ልጄ የታመመች ያህል ደነገጥኩ። የሆነውን ነገረን። አዳዲሶቹ ተማሪዎች ከቅጂው ተምረው ለየኔታ ሊያሰሙ ቀረቡ። አንደኛው ጀመረ፤ የኔታ በእጃቸው አስቆሙት። ሁለተኛው ጀመረ፤ አስቆሙት። ሦስተኛውንም። ከዚያ ተቆጡ።

«ይህን ማን አስተማራችሁ?»

«እርስዎ ነዎት፣ የኔታ» አሏቸው።

የኔታ ስልኩን አምጡ ብለው ራሳቸውን ሰሙ። እስከ መጨረሻው ሰሙና፣ «ድምፁ የኔ ነው፤ ዜማው ግን የኔ አይደለም» አሉ።

ጋሽ በለጠ ነገሩን አቃለሉት። ለጆሮ ያምራል፣ ምእመን ልዩነቱን አያውቅም፣ ተይው አሉኝ። ምእመን የሚሰማው ቢሆን እተወው ነበር። ተማሪ የሚማርበት ነው። ሰውየው ድምፃቸው ከጠፋ በኋላ ስሕተቱን የሚያርም የለም፤ ያ ስሕተት ከኔ እጅ ወጥቶ በየደብሩ ሲዜም ይኖራል። ይህን ስላቸው ጋሽ በለጠ ላፕቶፑንና ባትሪውን ራሳቸው አሰሩልኝ።

የኔታ ይሰድቡኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። ከጎጆው ደጅ በርጩማ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። የነካሁትን ድምፅ ሳይሆን የመጀመሪያውን ቅጂ በማዳመጫ አሰማኋቸው። ያ ያለኝ፣ ዋናውን ፋይል ስለማልነካና ሥራውን ሁሉ በግልባጩ ላይ ስለምሠራ ነው። ትንሽ ሰምተው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ይኸኛው እኔ ነኝ» አሉ። «እዚያኛው ላይ ደረቴን የት ጣልሽው?»

ላፕቶፑ ላይ የቆረጥኩበትን መስመር አሳየኋቸው። ከግራ በኩል ገደል እንደገባ ኮረብታ ወርዷል። እዚህ በታች ያለው ነፋስ መስሎኝ ነው አልኳቸው። ጎንበስ ብለው መስመሩን በጣታቸው ተከተሉት።

«ምልክት አላችሁ ለካ እናንተም» አሉ። «ይኸ መስመር ምን ይባላል? ያኛውስ?»

አንድ በአንድ ነገርኳቸው። እሳቸውም በተራቸው የዜማውን መጽሐፍ ድጓውን ገልጠው ከቃላቱ በላይ ያሉትን ጥቃቅን ምልክቶች አሳዩኝ። እኔ ስዘምር የኖርኩ ሰው አይደለሁም፤ ዕድሜዬን ሙሉ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ካህናቱ ድምፃቸውን ዝቅ ከፍ የሚያደርጉት ደስ ሲላቸው ይመስለኝ ነበር። ለካ እያንዳንዱ የተጻፈ ነው። ጠዋቱን ሙሉ ጠየቅኋቸው። ጉሮሯቸውን እንዳይጎዱ አላዜሙልኝም፤ ዲያቆን ፈቃዱ ያዜማል፣ እሳቸው ያርማሉ፣ እኔ በደብተሬ እጽፋለሁ።

የጻፍኩት ይህ ነው። ደረት ሲባል ድምፅ ከደረት በወፍራሙ ይወጣል፤ እኔ የቆረጥኩት እሱን ነው። ተማሪዎቹ የሰሙት የጉሮሮውን ብቻ ስለሆነ በጉሮሮ አዜሙት። ድፋት ድምፅን ዝቅ ማድረግ ነው፤ ኮምፕሬሰሩ ዝቅ ያለውን አንሥቶ ከሌላው እኩል አደረገው፤ ስለዚህ ማንም ዝቅ አላለም። ርክርክ ድምፅ ደረጃ በደረጃ እየተርከረከረ የሚወርድበት ነው፤ ኢኮው ደረጃዎቹን አጣብቆ ተንሸራታች አስመሰለው። ቁርጥ ማለት መቁረጥ ነው፤ እኔ ግን በኢኮው ጭራ አበጀሁለት። ያሳመርኩት እያንዳንዱ ቦታ ላይ አንድ ምልክት ጠፍቷል።

የጠዋቶቹን ቅጂዎች ከመጀመሪያው እንደገና እሠራቸዋለሁ አልኩ። ከዚያ የቀረውን መናገር ነበረብኝ። የሦስተኛው ቀን ሁለት ዜማዎች ላይ የቆረጥኩት በኮምፒውተር አይደለም፤ ማይኩ ላይ ነው። ያ ድምፅ ጭራሽ አልገባም። የማስመልሰው የለኝም።

ዲያቆን ፈቃዱ ወደ መሬት አየ። የኔታ ግን ጠየቁኝ እንጂ አልተቆጡም። ከደጅ የመለስሽውን እንግዳ ጓዳ ገብተሽ ብትፈልጊው አታገኚውም፣ እንዲያ ነው? አሉኝ። አዎ አልኳቸው። ሁለቱን መልሶ ለማዜም ጉሮሯቸው አይችልም፤ ምናልባት አንዱን። ዲያቆኑ ከሁለቱ ረጅሙን ይቀዱልን አለ፤ የበለጠ የሚወደደው እሱ ነው።

«ረጅሙን አንተን ጨምሮ አምስት ሰው ያውቀዋል» አሉት የኔታ። «አጭሩን የሚያውቅ እኔ ብቻ ነኝ። አጭሩ ይቀዳ።»

አሁን ችግሩ ነፋሱ ነው። ጠዋት ጸጥ ይላል፤ ጉሮሯቸው ግን አሁን በየጠዋቱ ደረቅ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጉሮሮው ይከፈታል፤ ነፋሱ ግን አለ። ለዚህ አንድ ቀን በልተው ጠዋት ቢያዜሙስ ብሎ ለማሰብ እንኳ የደፈረ አልነበረም። እኔም ማብሪያዋን መንካት የለብኝም።

ስለዚህ ነፋሱን ደጅ ላይ ልናስቆመው ሞከርን። የግድግዳውን ስንጥቅ ሁሉ በጓሳ ሣር ጠቀጠቅነው። የበሩን ክፍተት በጭቃ መረግን። ማይኩን ከበሩ አዙሬ፣ ከአገጫቸው አንድ ጋት ዝቅ አድርጌ አቀረብኩት፤ ድምፁ ሲቀርብ ነፋሱ በአንጻሩ ያንሳልና። አሁንም ሰማሁት። ዲያቆን ፈቃዱ ወጣና ተማሪዎቹን ጠራ። አርባዎቹም ነፋሱ በሚመጣበት በኩል፣ የበግ ቆዳ ደበሏቸውን እንደለበሱ፣ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ። እንዳያስሉ ተነገራቸው። ማዳመጫው ውስጥ ጉምጉምታው ራቀ። አልጠፋም፤ ግን ከየኔታ ደረት በታች ሆነ።

የኔታ ውሃ ጠጡ፤ አማተቡና ጀመሩ። እኔ መብራቱን ብቻ ነበር የማየው። መሐል ላይ፣ ደረት በሚለው ቦታ፣ ድምፃቸው ተሰበረ። እጄ ማቆሚያው ላይ ነበር፤ አላቆምኩም። እሳቸው ትንፋሽ ወሰዱ፤ ከተሰበረበት ቃል ትንሽ ወደ ኋላ ተመልሰው እንደገና ጀመሩት፤ እስከ መጨረሻው አዜሙት። ከዚያ በኋላ ያን ቀን አልተናገሩም።

በማግሥቱ የተሰበረውን ቆርጬ ሁለቱን ጫፎች ልገጥማቸው እንደምችል፣ ማንም እንደማያውቅ ነገርኳቸው።

«ተይው» አሉኝ በሹክሹክታ። «ያቺ ቦታ እንደምትከብድ ይወቁ።»

ረጅሙን ዲያቆን ፈቃዱ አዜመው፤ የኔታ በመቋሚያቸው እያረሙት። መቋሚያው መሬት ሲመታ ይሰማል። አላጠፋሁትም፤ ጠይቄ ነው ያላጠፋሁት።

መሐል ሜዳ ተመልሼ ሁሉንም እንደገና ሠራሁ። ሥራው ከበፊቱ አጠረ፤ የምሠራው ትንሽ ነበርና። ኢኮ የለም። ኮምፕሬሰር የለም። ነፋሱን የቀነስኩት የኔታ ዝም ባሉባቸው ቦታዎች ብቻ፣ ያውም በእጅ፣ ጥቂት ጥቂት ነው። በማስተሪንጉ ሁሉንም ቅጂዎች በየኔታ ድምፅ ልክ አስተካከልኩ እንጂ አላስጮኽኋቸውም። ሚኒባስ ውስጥ ሳሰማው ሹፌሩ ስልክሽ ተበላሸ እንዴ፣ ዝቅ ብሏል አለኝ። ከፍ አድርገው አልኩት።

የኔታ ከፋሲካ በኋላ ተቀደዱ። ዳኑ፤ ድምፃቸው ግን ሹክሹክታ ሆኖ ቀረ። ክረምቱ ሲወጣ ስንቅ ይዤ ልጠይቃቸው ሄድኩ። አንድ ተማሪ ከቅጂው የተማረውን አጭሩን ዜማ እያሰማ ነበር። የኔታ መቋሚያቸውን ይዘው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። ልጁ ደረት ላይ ደረሰ፤ ድምፁን ወደ ደረቱ አወረደው። እኔ የየኔታን እጅ አየሁ። አልተነሣም። ልጁ እስከ መጨረሻው ዘለቀ፤ ቀጣዩ ቀረበ።

አሁን ጋሽ በለጠ ከፊት ክፍል ተቀምጠው ስልክ ይሸጣሉ፤ ከጓሮው ሥራ ሁሉ የኔ ነው። ለመማር የሚመጡ ልጃገረዶችም አሉኝ። መጀመሪያ የምነግራቸው ስለ ሶኬቱ ነው። ቀጥሎ ይህን እላቸዋለሁ፤ በኮምፒውተር የቆረጣችሁትን መመለስ ይቻላል፤ በማይክ የቆረጣችሁትን አይቻልም። ስለዚህ ከመቅዳታችሁ በፊት ባለቤቱን የቱን ሳልቆርጥ ልተው ብላችሁ ጠይቁ።